መጀመሪያ ሚዛኑ ይመዘን፦ የጂን ኤክስፕረሽን ውጤታችሁን ከማመናችሁ በፊት

አራት ጂን ለካሁ። አራቱም በድርቅ ስምንት እጥፍ ጨመሩ።

ያኔ ደስታዬን ብታዩት! ከሐረማያ አካባቢ የመጣ የማሽላ ቅጠል ነው፤ ግማሹ ውሃ የጠገበ፣ ግማሹ ውሃ የተከለከለ። ጂኑ ሲሠራ የሚያወጣውን ቅጂ፣ አር ኤን ኤውን፣ አወጣሁ፣ ሲዲኤንኤ ወደሚባለው የዲ ኤን ኤ መልኩ ገለበጥኩ፣ እሱን የሚያባዛውን ፒሲአር ሠራሁ፣ ማታ ድሬዳዋ «ከዚራ» ሰፈር አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ግራፉን ቀባሁት። በማግስቱ ለአንድ ጓደኛዬ ላሳየው ላፕቶፔን ከፈትኩ። ግራፉን ዞር ብሎም አላየው። «ጥሬውን ቁጥር አምጣ» አለኝ። ትንሽ ካየ በኋላ ሳቀ። «አቦ፣ አራት ጂን እኩል ስምንት እጥፍ የሚጨምረው ስብሰባ ተቀምጦ ነው እንዴ?»

ስብሰባ አልተቀመጡም። አራቱም ባሉበት ነበሩ። የተንቀሳቀሰው እኔ «አይነቃነቅም» ብዬ ማነጻጸሪያ ያደረግኩት አክቲን የሚባለው ጂን ነው። በደረቀው ቅጠል ላይ ሲቲው በ3 ዙር ዘግይቷል። ሲቲ ማለት ማሽኑ ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ሲወጣ ያየበት ዙር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዕቃው አነሰ ማለት ነው። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን 3 ዙር ማለት 2 ጊዜ 2 ጊዜ 2 ነው። ስምንት። የእኔ ታላቅ ግኝት ይኸው ነበር፦ ሚዛኑ ወረደ፣ እኔ ዕቃው ከበደ አልኩ።

እናቴ ቀፊራ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏ ውስጥ የታሸገ አንድ ኪሎ ጨው ይዛ ትወጣ ነበር። ሚዛኑ ካላማራት ጨዋን አውጥታ «እስቲ ይህቺን መዝናት» ትላለች። ነጋዴው አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ ይቆጣል፤ እሷ ግን ቲማቲሙን ከመግዛቷ በፊት ሚዛኑን ታውቀዋለች። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጨው ነው። የጂን ኤክስፕረሽን፣ ማለትም አንድ ጂን በዚያ ሰዓት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚለካ ሰው፣ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ናሙናው አጠገብ ወይም ውስጥ ማስገባት አለበት። ማሽኑ ያንን የታወቀ መልስ ከመለሰ ያልታወቀውን እንጠይቀዋለን። ካልመለሰ ቡና ጠጥተን እንደገና እንጀምራለን።

ድሬም ሆነ ሐረር፣ ወይም ሐረማያ ላይ ቴሲሳችሁን የምትሠሩ፣ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ማሽላ በደም ወይም በቡና ቢተካ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይግባን

ማመሳከሪያ፣ ማለትም ያ መልሱ የታወቀ ነገር፣ የሚመሰክረው ከገባበት ደረጃ በኋላ ላለው ሥራ ብቻ ነው። ይህን ያልገባው ሰው ብዙ ብር ያባክናል። ሥራው ሰንሰለት ነው፦ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ይጓጓዛል፣ ይፈጫል፣ አር ኤን ኤው ይወጣል፣ ወደ ሲዲኤንኤ ይገለበጣል፣ ይባዛል ወይም ሲኩዌንስ ይደረጋል (ፊደሉ ይነበባል)፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ይሰላል። የታወቀውን አር ኤን ኤ ቅጠሉ ሲፈጭ ከጨመራችሁ የማውጣቱን ሥራም ይመሰክራል። ከወጣ በኋላ ከጨመራችሁ ስለ መገልበጡና ስለ መለካቱ ይናገራል፣ ስለ ማውጣቱ ግን አያውቅም። ሲዲኤንኤ ላይ ከጨመራችሁ ፒሲአሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቅጠሉ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪና ውስጥ ሲቀቀል ማንም አላየም።

ስለዚህ ከደንገጎ እንጀምር። ከሐረማያ ከፍታ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከሆነው ብርድ፣ ወደ 1,200 ሜትር ድሬ ሙቀት ስትወርዱ ናሙናው ምን ውስጥ ነው ያለው? ፈሳሽ ናይትሮጅን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ለከብት ማዳቀያ የሚጠቀሙበት ሰዎች ዘንድ መጠየቅ አይከፋም፤ ሳቅ ቢጤ ይኖራል እንጂ አያሳፍርም። ካልተገኘ አር ኤን ኤ ሌተር የሚባለው ፈሳሽ አለ። አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ገደብ እንዲህ ነው፦ በ37 ዲግሪ 1 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 1 ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ 1 ወር። የግንቦት ድሬ የቱ ጋ እንደሚወድቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ካልገባ ምንም አያድንም። የማሽላ ቅጠል ደግሞ ሰም የለበሰ ነው፣ ውሃ አንሸራቶ ይጥላል፤ ሳትቆራርጡ እንዳታስገቡት። ቢያንስ በአንድ በኩል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ይሁን፣ ፈሳሹም የቅጠሉን አምስት እጥፍ ይሁን።

የአር ኤን ኤው ጤንነት ከ1 እስከ 10 በሚሰጥ ሪን በሚባል ቁጥር ይለካል፤ 10 ያልተሰባበረ፣ 1 ዱቄት። ግን ቁጥሩን ያወጣው ስሌት አረንጓዴ ቅጠልን አስቦ አልተሠራም። ክሎሮፕላስት የራሱ ራይቦሶም አር ኤን ኤ ስላለው ማሽኑ በሚስለው ሥዕል ላይ ተጨማሪ ጉብታ ያሳያል፣ ቁጥሩም ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ ሥዕሉን እዩት። ዋናው ጥያቄ የጠገበውና የደረቀው ቅጠል ሥዕላቸው ይመሳሰላል ወይ ነው። አንዱ ሙሉ፣ ሌላው የተሰባበረ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አያድናችሁም። ቅጠሉን እንደገና አምጡ።

የቤት ውስጥ ማነጻጸሪያ

ሃውስኪፒንግ ጂን የሚባሉት አክቲን፣ ቱቡሊን፣ ጋፕዲኤች፣ 18ኤስ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ሴሉ ምንም ቢደርስበት መጠናቸው የማይለወጥ ጂኖች አሉ፣ በእነሱ እናካፍል። ችግሩ «የማይለወጥ» የሚለው ቃል ነው። የማን ሴል? በምን ሁኔታ? አንድ የውጭ ጽሑፍ ላይ በሩዝ ሥር የጸና ጂን በእኛ ማሽላ ቅጠል ላይ ይጸናል ያለን የለም። እኔ አክቲንን የመረጥኩት ፕራይመሩ፣ ማለትም ፒሲአሩ ጂኑን ለይቶ የሚይዝበት አጭር ዲ ኤን ኤ፣ ፍሪዘር ውስጥ ስለነበረ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስንቶቻችሁ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላችሁ?

እንዲህ አድርጉ። ከ6 እስከ 8 እጩ ጂን ያዙ፤ ሥራቸው የተለያየ ይሁን፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ከሆኑ ተያይዘው ሊዋዥቁ ይችላሉ። ከአክቲንና ከቱቡሊን ሌላ ፒፒ2ኤ፣ ዩቢኩዊቲን፣ ኢአይኤፍ4ኤ የሚባሉትን ጨምሩ። ከሁሉም ሁኔታ፣ ከጠገበውም ከደረቀውም፣ ከጠዋቱም ከማታውም፣ ጥቂት ጥቂት ናሙና ወስዳችሁ ለኳቸው። ከዚያ ጂኖርም በሚባለው መንገድ አወዳድሩ። በ2002 የወጣ ነው፣ ነጻ ፕሮግራሞች ይሠሩታል፣ ሐሳቡም ቀላል ነው፦ ሁለት ጂኖች በእርግጥ የማይለወጡ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሁሉም ናሙና ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህን የማያከብረውን አንድ በአንድ ያስወጣል። ለእያንዳንዱ ጂን ኤም የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ 1.5ን ያለፈ ይውጣ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ጂን ይዛችሁ የጂኦሜትሪ አማካያቸውን ተጠቀሙ። አንድ ብቻውን አይበቃም። አንድ ምስክር ቢዋሽ ማን ይይዘዋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። እጩዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ቢወርዱ ጂኖርም «ጸንተዋል» ይላችኋል፤ እርስ በርስ እንጂ ከውጭ ጋር አያወዳድራቸውምና። የውጭ የሚዛን ድንጋይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቁልቁለቱን ለኩ

ከድንጋዩ በፊት ግን ስለ ፕራይመራችሁ ብቃት ሁለት ቃል። በየዙሩ በትክክል እጥፍ ይሆናል ብለን ነው የምናሰላው። ይሆናል ወይ? ሲዲኤንኤአችሁን በአሥር አሥር እያቀጠናችሁ አምስት ደረጃ ሥሩ፣ ሲቲውን ከመጠኑ ሎጋሪዝም ጋር አስምሩት። በየአሥር እጥፉ 3.32 ዙር ከዘገየ ብቃቱ 100 በመቶ ነው። የመስመሩ ቁልቁለት ከማይነስ 3.1 እስከ ማይነስ 3.6 ውስጥ ካለ፣ ማለትም ብቃቱ ከ90 እስከ 110 በመቶ ከሆነ፣ ይሁን ይባላል።

«90 እና 100 ምን ልዩነት አለው» የሚል አይጠፋም። 90 በመቶ ማለት በየዙሩ 2 ሳይሆን 1.9 እጥፍ ነው። ከ30 ዙር በኋላ ይህቺ ትንሽ ልዩነት ተጠራቅማ 4.7 እጥፍ ገደማ ትሆናለች። ስለዚህ አንዱ ጂን 90፣ ማነጻጸሪያው 100 ከሆነ በጭፍኑ የ2 ስሌት አትጠቀሙ፣ የየራሳቸውን ብቃት አስገቡ።

ሲቲው 35ን ካለፈም ተጠንቀቁ። እዚያ የምትቆጥሩት ጥቂት ሞለኪውል ነው፣ ጥቂት ሞለኪውል ደግሞ ዕጣ ነው። በአማካይ 3 ቅጂ የሚደርሰው ቲዩብ ቢሆን እንኳ ከ100 ቲዩብ 5ቱ ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። ማሽን አልተበላሸም፣ እጃችሁም አልተንቀጠቀጠም፣ ዕጣው ነው።

ፒፔቱንም እስካሁን ካልመዘናችሁት ዛሬ መዝኑት። 100 ማይክሮ ሊትር ውሃ ወደ 100 ሚሊ ግራም ይመዝናል። አሥር ጊዜ ደጋግሙት። ማራገቢያውን አጥፉ፣ በድሬ ሙቀት ውሃው ሚዛን ላይ እያለ ይተንናል።

የውጭው ድንጋይ

አሁን ወደ ጨዋችን መጣን። ስፓይክ ይባላል፤ በናሙናው ውስጥ በተፈጥሮ የሌለ፣ መጠኑን እናንተ የምታውቁት አር ኤን ኤ ነው። በጣም የታወቀው ኢአርሲሲ የሚባለው ስብስብ ነው። በ2003 በአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በኒስት አነሳሽነት የተጀመረ ኅብረት ነው ያዘጋጀው፣ ኒስትም የመነሻዎቹን ዲ ኤን ኤ በማመሳከሪያነት አውጥቶታል። በገበያ የሚሸጠው ድብልቅ 92 ዓይነት አር ኤን ኤ አለው። ርዝመታቸው ከ250 እስከ 2,000 ፊደል ገደማ ነው። ከባክቴሪያና ከመሳሰሉት ወይም ከተፈበረከ ፊደል የመጡ ስለሆኑ ከማሽላም ከሰውም ጂን ጋር አይምታቱም። መጠናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ትልቁን ከትንሹ በየት በኩል መለየት እንዳቆመ ወዲያው ይታያል።

ሁለት ድብልቅ አለ፣ 1 እና 2። 92ቱ በ23 በ23 አራት ቡድን ተከፍለዋል፣ በሁለቱ ድብልቆች መካከል ያላቸው ልዩነትም ይታወቃል፦ አንዱ ቡድን በ1ኛው ውስጥ 4 እጥፍ ይበልጣል፣ አንዱ እኩል ነው፣ አንዱ በ2ኛው ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዱ ደግሞ 2 እጥፍ ይበልጣል። 1ኛውን ለጠገበው፣ 2ኛውን ለደረቀው ትጨምራላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ የእናንተን ጂን ከማየታችሁ በፊት «እኩል የሆነው ቡድን እኩል መጣ ወይ? 4 እጥፉ 4 መጣ ወይስ ተጨምቆ 2 ሆነ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። 1 እና 2ን አቀያይሮ የጨመረ ሰውም በዚሁ ይጋለጣል።

አጨማመሩ ላይ ስስታም ሁኑ። ለ1 ማይክሮ ግራም ጠቅላላ አር ኤን ኤ ከመቶ አንድ የቀጠነውን 2 ማይክሮ ሊትር ነው። ቀጥታ ከጠርሙሱ የጨመረ ሰው አውቃለሁ፤ ሲኩዌንሱ ሲመጣ ንባቡን ስፓይኩ ወርሶት ማሽላው ተረፈ ምርት ሆኗል። የተሰባበረ ወይም መጠኑ በትክክል ያልተለካ ናሙና ላይ ከጨመራችሁም ድርሻው ይዛባል። መጠኑን ለመለካት ናኖድሮፕ የሚባለውን መሣሪያ ብቻ አትመኑ፣ ከተገኘ እንደ ኪዩቢት ያለ በቀለም የሚለካ መሣሪያ ይሻላል።

ሁሉን ቻይ ግን አይደለም። የኢአርሲሲ አር ኤን ኤዎች መጨረሻቸው ላይ ያለው የ«ኤ» ፊደል ጅራት አጭር ነው፣ ወደ 20 ምናምን ፊደል። የእውነተኛው ተክል ጅራት ይረዝማል። ስለዚህ በጅራት እየያዙ በሚመርጥ ኪት ላይ እንደ እውነተኛው አይያዙም። ማሽኑን ለመፈተን ምርጥ ናቸው፤ መላውን ውጤት በእነሱ ብቻ አካፍሎ ማስተካከል ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔ አላደርገውም።

ፒሲአር ብቻ የሚሠራ ሰው 92 አያስፈልገውም። አንድ ይበቃዋል። ማሽላ የማያውቀው አንድ አር ኤን ኤ፣ ለምሳሌ የሉሲፈሬዝ፣ እኩል መጠን ወደ እያንዳንዱ ናሙናና ወደ ንጹሕ ውሃም ጨምሩ። ውሃው ላይ 22 ከመጣ ናሙናው ላይም 22 አካባቢ ይምጣ። 23 ከመጣ ግማሹ ጠፍቷል ወይም ታፍኗል። የማሽላ ቅጠል ደግሞ ማፈን ይችልበታል፤ ታኒኑና ሌላው ፌኖል ከአር ኤን ኤው ጋር ተከትሎ ይወጣና ኢንዛይሙን ያንቀዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ናሙናውን አምስት እጥፍ አቅጥኑት። ሲቲው በ2.3 ገደማ መዘግየት አለበት። በ1 ብቻ ከዘገየ ቀድሞ ታንቆ ነበር ማለት ነው፣ ሲቀጥን ተነፈሰ።

የእኔን አክቲን ያጋለጠውም ይኸው ነው። ስፓይኩ በጠገበውም በደረቀውም እኩል መጣ፤ መገልበጡም ማሽኑም ንጹሕ ነበሩ። የቀረው ተከሳሽ አክቲን ብቻ ነበር።

ብር ለሌለው፦ የራሳችሁን ማመሳከሪያ አብስሉ

ስፓይክ ማዘዝ ዶላር ይጠይቃል፣ በደረቅ በረዶ መጥቶ ጉምሩክ ላይ ሲሰነብት ደግሞ ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል። ስለዚህ በጣም የምወደውን መንገድ ልንገራችሁ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። በ2006 ውጤቱን ያወጣው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመራው ኤምኤኪውሲ የተባለ ጥናት ነው ያስተማረን። ተመራማሪዎቹ ሁለት አር ኤን ኤ ወሰዱ፤ አንዱ ከ10 የሰው ሴል መስመሮች የተቀላቀለ፣ ሌላው ከሰው አንጎል የወጣ። ከዚያ ሁለቱን 3 ለ1 እና 1 ለ3 ቀላቀሏቸው። የእያንዳንዱን ጂን ትክክለኛ መጠን ማንም አያውቅም፤ ድብልቁ ግን በሁለቱ መካከል፣ በየትኛውም ጂን፣ በታወቀ ቦታ መውደቅ አለበት። መልሱ የተሠራው በመቀላቀል ነው። ቡናና ወተት እንደ መቀላቀል ነው፤ ማኪያቶ ከቡናው ሊጠቁር አይችልም።

ይህን እዚሁ በማሽላ መሥራት ይቻላል። ከብዙ የጠገቡ ተክሎች ቅጠል አር ኤን ኤ አውጥታችሁ አንድ ላይ ደባልቁ፣ «ሀ» በሉት። ከደረቁት ደግሞ «ለ»። ሙይራ የሚባለውን ማሽላ ብትጠቀሙ ሙይራ ብቻ፤ ዝርያ አታቀላቅሉ። ሁለቱንም በጥንቃቄ ለክታችሁ በአንድ ማይክሮ ሊትር 100 ናኖግራም ላይ አስተካክሉ። ሦስት እጅ ሀ አንድ እጅ ለ ብላችሁ «ሐ»ን፣ አንድ እጅ ሀ ሦስት እጅ ለ ብላችሁ «መ»ን ሥሩ። ከአራቱም 50፣ 50 ቲዩብ በ5 ማይክሮ ሊትር ብትከፋፍሉ ከ«ሀ»ም ከ«ለ»ም 50 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋችኋል። ጥቂት ቀን የማውጣት ሥራ ነው፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ትገላገላላችሁ። አንዱ ቲዩብ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ይጣል። ስስት እዚህ ላይ አያስፈልግም።

ማይነስ 80 ውስጥ አስቀምጡት፣ ግን ሁሉንም አንድ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። መብራት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ ጄኔሬተሩም አንዳንዴ እንደ ሰው ይኮርፋል። ግማሹ ድሬ፣ ግማሹ ሐረር ወይም ሐረማያ ያለ ወዳጅ ዘንድ ይሁን።

ቁጥሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ጂን በ«ለ» ውስጥ ከ«ሀ» 16 እጥፍ ይበልጣል እንበል። ሐ ውስጥ ሦስት አራተኛው 1፣ አንድ አራተኛው 16 ስለሆነ 4.75 ይሆናል። መ ውስጥ 12.25። በሲቲ ሲነገር፦ ከሀ አንጻር ሐ በ2.25፣ መ በ3.61፣ ለ በ4 ዙር ቀድሞ መምጣት አለበት። የእናንተ ማሽን ሐን በ1.2 ካመጣው ልዩነቱን እየጨመቀ ነው። «መ» ከ«ለ» በልጦ ከመጣ ደግሞ ያው ቲዩብ ተሳስታችኋል፣ ይህ በእኔ ደርሷል።

አንዲት ነገር አትርሱ። ከጠቅላላው አር ኤን ኤ ውስጥ መልእክት ተሸካሚው ኤምአርኤንኤ ድርሻው በጠገበና በደረቀ ቅጠል ላይ እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ትንሽ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ቢያዘነብሉ አትደንግጡ። ቅደም ተከተሉ ግን፣ ሀ፣ ሐ፣ መ፣ ለ፣ በፍጹም አይዛነፍም። እሱ ከተዛነፈ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

በየቀኑ

«ሐ»ን በየፒሲአሩ ሳህን ላይ አስገቡ። ከአር ኤን ኤው ጀምራችሁ እየገለበጣችሁ እንጂ የተዘጋጀ ሲዲኤንኤ አይደለም፤ አለዚያ መገልበጡን አትፈትኑትም። ሆስፒታል ላብ ያላችሁ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ኪውሲ (የጥራት መፈተኛ) ስታስገቡ የምትስሉት የሌቪ ጄኒንግስ ሰንጠረዥ ነው። 20 ጊዜ ያህል ከሠራችሁ አማካዩንና መዋዠቁን (ኤስዲ) ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ከ2 ኤስዲ ከወጣ ዓይን ይከፈት፣ ከ3 ከወጣ ሳህኑ ይጣል። አሥር ጊዜ ተከታትሎ ከአማካዩ በአንድ በኩል ብቻ ከዋለ ደግሞ፣ ከገደቡ ባይወጣም፣ አንድ ነገር እየተንሸራተተ ነው፤ አዲስ ኪት ይሆናል፣ ፒፔት ይሆናል፣ የማሽኑ መብራት ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ይህን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያየሁት ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሷም ቀድሞ ሆስፒታል የሠራች ናት።

ሳህኑ ላይ ውሃ ብቻ ያለበት ጉድጓድና ሳይገለበጥ የገባ አር ኤን ኤ ያለበት ጉድጓድ አይቅሩ። የመጀመሪያው ብክለትን፣ ሁለተኛው የተረፈ ዲ ኤን ኤን ይይዛል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሳህኑ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚሠዉት እነሱ ናቸው።

ወደ ውጭ ስትልኩ

ብዙዎቻችን አር ኤን ኤውን እዚህ አውጥተን ለሲኩዌንስ ወደ ውጭ ነው የምንልከው። ስፓይኩ እዚህ ይጨመር፣ ከመታሸጉ በፊት፣ በእናንተ እጅ። እዚያ ይጨመር ካላችሁ ጉዞው ያለ ምስክር ይቀራል። የራሳችሁን ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መም ከናሙናዎቹ ጋር ላኩ፣ ግን ቲዩቡ ላይ እንደ ማንኛውም ናሙና ቁጥር ብቻ ጻፉበት። ማመሳከሪያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሳያስበውም ይጠነቀቅለታል።

ላብ ከላብ ይለያያል ወይ ለሚል፣ በጣም ይለያያል፣ በተለይ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን። ቻይና ውስጥ ኳርቴት የሚባል ማመሳከሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከአንድ ቤተሰብ፣ ከአባት፣ ከእናትና ከመንታ ሴት ልጆቻቸው ሴሎች። የአንጎልና የሴል ቅልቅል ልዩነት ሰማይና ምድር ስለሆነ ማንም ላብ ያየዋል። የአንድ ቤተሰብ ልዩነት ግን ስስ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት 45 ላቦራቶሪዎችን በሁለቱም ዓይነት ፈትኖ፣ ላቦቹ ይበልጥ የተለያዩት በስሱ ላይ መሆኑን አሳይቷል። የእናንተ ጥያቄ ሙይራ ከሌላ ማሽላ በድርቅ እንዴት ይለያል ከሆነ፣ ያላችሁት በስሱ በኩል ነው። በትልቁ ልዩነት ያለፈ ላብ አለ ብላችሁ አትዝናኑ።

ውጤቱ በኢሜይል ሲመጣ የምትወዱትን ጂን ለመፈለግ አትሩጡ። መጀመሪያ የስፓይኩን ፋይል ክፈቱ። ኢአርሲሲ ዳሽቦርድ የሚባል በአር ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ከየትኛው መጠን በታች ልዩነት መለየት እንዳልቻላችሁ በግራፍ ይሰጣችኋል። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥሎ ሀ፣ ሐ፣ መ፣ ለ ተራቸውን ጠብቀው እንደሆነ እዩ። ከዚያ ነው ወደ ራሳችሁ ጂኖች የምትሄዱት፣ ከዚያ ከጻፋችሁት ቁጥር በታች ያሉትንም ከሰንጠረዡ ላይ ሳታዝኑ ሰርዟቸው። እኔ ባለፈው ስሰርዝ ከወደድኳቸው ጂኖች ሁለቱ ሄዱ፤ አንደኛው የፖስተሬ ርዕስ ላይ ነበር።